ሦስተኛው ጋሪ

ጥር ላይ ገባሁ ክር ፋብሪካ፣ ከጠዋቱ ፈረቃ ጋር፣
ደብተር ይዤ፣ ሰዓት ይዤ፣ የሰው ድካም ልቆጥር።
«ችግሩን መለየት» ይላል የመጽሐፌ ምዕራፍ አንድ፤
ችግሩ ግን ስሙን ሳይነግረኝ አለፈኝ በዚያው መንገድ።

ነጂባ ነበረች፤ ሃያ ኪሎ ክር በጀርባዋ፣
ከመፍተያው እስከ መሸመኛው፣ ላቧ ከቅንድቧ እስከ ጫማዋ፣
በቀን ሠላሳ ሁለት ጊዜ። ቆጠርኩ። ጻፍኩ። ደስ አለኝ፤
ችግር ያገኘ አጥኚ ደስታ፤
አሁን ያሳፍረኛል፣ ያኔ ግን ምንም አላለኝ።

ሳቢያን ቤቴ፣ ሌሊት፣ ማራገቢያው ያንኑ ወበቅ ሲያዞር፣
የመጀመሪያውን ጋሪ ሣልኩት፣ ከነብሎኑ፣ ከነቁጥር።
በየደልኝ ጋሽ ቃሲም፣ ለገሃር አጠገብ ከደጁ፣
ሠላሳ ዓመት የባቡር አጥንት የጠገነ ነው እጁ።
ሥዕሌን አየ፤ ገለበጠ፤ «ያምራል» አለኝ፤ ዝም አለ፤
ዝምታው መረጃ ነበር፤ ደብተሬ መች አስተዋለ?

በሦስተኛው ቀን ሞተ።
ብናኝ ጥጥ ኩሽኔታው ውስጥ ገብቶ፣
ጎማው ቆመ እንደ በቅሎ፣ በገዛ ሐሳቡ ተቆጥቶ።

ለሁለተኛው ጎማ ሸፈንኩለት። ሮጠ። ሰንጠረዤ አበበ፤
እስከ ሰባት ሰዓት። የጫት መኪና ከአወዳይ መጣ፣
ጡሩንባው ከተማውን ሰበሰበ፤
እጅ ሁሉ ሌላ እጅ ሆነ፣ እርምጃው ሌላ፣ ጨዋታው ሌላ፤
የኔ ቀመር ሰው የሚያውቀው ጥላው ሳይዞር ነው ወደ ኋላ።
ከሰዓት ጋሪ የሚገፋው ለሁለት ነው፤ ወሬ አለ፣ ሳቅ አለ፤
እጀታዬ ለአንድ ሰው ነበር፤
ጋሪው ዘመመ፤ ክሩ ተንከባለለ።

ማታ ደቻቱ ዳር ቆምኩ። አሸዋ ነው፤ ፍየል ይሻገረዋል፤
የበጋ ሰው ቢለካው «መንገድ ነው» ብሎ ይጽፈዋል።
ደንገጎ ላይ ሲዘንብ ግን፣ ዝናቡን ያላየ ከተማ
በውሃ ድምፅ ይነቃል፣ አልጋው ሲንሳፈፍ በጨለማ።
እኔም የለካሁት ጠዋት ነው።

ሦስተኛውን አልሣልኩም። ላሜራ ይዤ ሄድኩ፣ ጠመኔም፤
«እዚህ ጋ ቁረጥ» አለች ነጂባ፤ «እዚህ ጋ ደግሞ ምንም።»
እጀታው ላይ የክር ትርፍራፊ ገምዳ ቋጠረችበት፣
ሁለተኛ እጅ እንዲይዘው፣ እንዲዞርም ከፈለገችበት።
ያ ቋጠሮ በየትኛውም ማጣቀሻዬ የለም፤
ፎቶ አነሳሁት። ለካሁት። ልፈታው ሞከርኩ፤ አልቻልኩም።

ፈታኙ መነጽሩን አወለቀ፦ «ጋሪውስ ይሁን፤ ገባኝ፤
ጋሪ እኮ አናጢም ይሠራል፤ ዕውቀቱ የት ነው? አሳየኝ።»
ማለት የነበረብኝን አልኩ፦ የንድፍ መርሕ፣ የግምገማ ዙር፣
ችግር፣ ሥራ፣ ሙከራ፣ መልሶ ደግሞ ችግር።
ያላልኩት፦ ዕውቀቱ የሞተው ኩሽኔታ ውስጥ ነው፣ ከጥጡ ጋር ተጠቅልሎ፤
ጋሽ ቃሲም ዝም ያለባት ደቂቃ ውስጥ ነው፣ በብየዳው ብርሃን ተከልሎ።
አልፈሃል ተባልኩ፣ ከጥቂት እርማት ጋር፤ እርማቱም ቀለለ፦
«ቋጠሮ» ይሉት ቃል ወጥቶ፣ «ተጣጣፊ ማያያዣ» ተተከለ።

በዓመቱ ተመልሼ ሄድኩ።
ጋሪዬን ፈለግሁት፤ የለም። አራት ሌሎች ይሄዳሉ፤
ጎማቸው የባጃጅ፣ ሆዳቸው ሰፋ ያለ፣ ሳይንጫጩ ይሮጣሉ።
«ማን ሠራቸው?» አልኩ። አንዲት ወጣት፣ ስሟን የማላውቃት፣
«እንዲሁ ነበሩ» አለችኝ፣ መልሱ ምንም ያልከበዳት።
ከዚያ እጀታውን ገፋ አድርጋ፦
«ያዝ እንጂ! ከሰዓት እኮ ለሁለት ነው።»
ገፋሁ። ቋጠሮው መዳፌን ሻከረኝ። ሰዓቴ ኪሴ ውስጥ ነው።