ማስተንፈሻው የት ነው?

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ከንጋት እስከ ማምሻ፣
አርኬታ ውስጥ ኦርቪል፣ የፓምፖች ወጌሻ፣
ጆሮውን ለጥፎ ከብረቱ ደረት፣
የኩሽኔታን ሕመም፣ የብሎን መላላት፣
ያውቅ ነበር ከድምፁ፣ ሳይፈታው በፊት።

ጡረታ በወጣ በሦስተኛው ሳምንት
ጫካ ይዤው ሄድኩኝ፣ እኔ ረዳቱ።
ሬድውዱን ሽቅብ ሲያይ ባርኔጣው ወደቀ፣
መዳፉን ቅርፊቱ ላይ አሳርፎ ጠየቀ፦
«ሠላሳ ፎቅ ያህላል። ፓምፑ የት ነው ታዲያ?
ሳቢ ፓምፕ አይጎትትም ካስር ሜትር ወዲያ!
ገፊም ቢሆን ኖሮ፣ ድምፁ ይሰማ ነበር።»
ዛፉን ዞረው ደግሞ፣
ቆጣሪ አንባቢ ይመስል፣ ሲፈልግለት በር።

ኖሪን፣ ቅርንጫፍ ላይ መሣሪያ ስታስር፣
ሰምታው ኖሮ ሳቀች፣ በገመድ ስትወርድ ወደ ምድር።
«ሞተሩ ፀሐይ ናት፤ ቅጠሉን ያልበዋል፣
የተነነው ጠብታ ተከታዩን ይስባል፣
ያም የበታቹን፣ ያም የበታቹን፣
ከፀጉር በቀጠነ ቧንቧ፣ እስከ ሥሩ ጫፍ፣
ጨው ያዘለውን የአፈር ወዙን።»

ድር ቢያብር አንበሳውን ያስረዋል ይባላል፤
ውሃም ተያይዞ፣ ለካ፣ ዛፍ ይወጣል።

«ወደ ታችስ?» አላት።
«ሌላ መስመር አለ፣ ከቅርፊቱ ገባ ብሎ።
ቅጠል ያበሰለው ስኳር በዚያ ይወርዳል፣
ፀሐይ አይቶ ለማያውቅ ሥር።»
ራሱን ነቀነቀ። ሁለት መስመር፤ ይኼ ገባው።

ዘንድሮ ግን ድርቅ ነው።
ኖሪን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ደፋችለት፣
ሽቦው ከግንዱ ጋር ታስሯል።
ጠቅ።
ቆይቶ፣ ጠቅ።
ያ ጆሮ አወቀው፤ ፊቱ ጠቆረበት፦
«አየር ገብቶበታል! ውሃው ተበጥሷል!
ማስተንፈሻው የት ነው?»
«የለውም» አለችው።
እጆቹን አያቸው፣ መፍቻ የሌለባቸው።

«ሲመሽ» አለች ኖሪን፣ ገመዷን እየጠቀለለች፣
«ከባሕሩ ጭጋግ ይመጣል፤
ቅጠሉ እሱን ይጠጣል፤ አንዳንድ ሌሊት
ውሃው በመጣበት መንገድ፣ ቁልቁል፣ ይመለሳል።»

እሷ ሄደች። ብርዱ ገባ።
ጭጋጉ ከባሕር ወጥቶ የኮረብታውን እግር ያዘ።
«እንሂድ» አልኩት።
ጆሮውን ከቅርፊቱ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣
ያለ ማዳመጫ፣ ያለ ሽቦ፣
«አንተ ሂድ» አለኝ፤
«የኔ ፈረቃ አላለቀም።»