ያልተመለሰ ድስት

ሰባት ዓመት ሞላው ድስቴ ከቤት ወጥቶ፤
ባሌ ከቴክናፍ በዓሣ ዋጋ ገዝቶ
ያመጣልኝ ድስት፣ አንድ ጆሮው ጠፍቶ፣
ክዳኑ ግን ደኅና፣ አፉ ላይ ተኝቶ።

ያን ሌሊት በምሥራቅ ሰማዩን ቢያቀላው
ጎሕ ቀደደ ብለን ለሱብሂ ተነሣን፤
ለካስ ጎሕ አይደለም፤
መንደር ነው ከማዶ፣ እሳት የሚበላው።

ሲነጋ ሰው መጣ ናፍን ተሻግሮ፣
ጭቃ እስከ ጉልበቱ፣ ሕፃን በአንገቱ አሥሮ፣
አንዱ አሮጊት እናቱን በቅርጫት ተሸክሞ፣
አንዱ የነደደ ቤት ቁልፍ በክር ቋጥሮ።
ስም አልጠየቅሁም። ማን ስም ይጠይቃል
ጥርስ እየተንቀጫቀጨ?

ለዓመት ያልሁትን ሩዝ በሦስት ቀን ጨረስሁ፤
ላሜን ከጋጣ አውጥቼ አሥራ አንድ ሰው አስገባሁ፤
ለአንዷ፣ ለሰኑዋራ፣ ነፍሰ ጡር ለነበረች፣
ድስቱን ከነትኩሱ፣ ከነክዳኑ ሰጠሁ።
"ነገ እመልሳለሁ" አለች። እኔም አመንሁ።

ከዚያ ነገ ጠፋ።

መኪናው ጎረፈ በየዓይነቱ ባንዲራ፣
ሸራ፣ ሳሙና፣ ምስር፣ ዘይት በየተራ።
ኮረብታው ተላጨ፣ ለማገዶ፣ ለቤት፣
የባሌ የፓን ቅጠል ያቆጠቆጠበት።
ዝሆኖች በዱሮ መንገዳቸው መጥተው
ሰፈር ሆኖ ቢያገኙት ቆሙ ጆሮ ጥለው።
የቀን ሥራ ዋጋ በግማሽ ወረደ፤
የጉድጓዴም ውኃ ወደ ታች ነጎደ።

ታብሌት የያዘ ልጅ መጥቶ በሬ ላይ ቆመ፤
ስንት ነፍስ? ስንት ላም? ምን ሞተ? ማን ታመመ?
ጽፎ ጽፎ ሲያበቃ ስሜን ለወጠው፣
"ተቀባይ ማኅበረሰብ" ብሎ መዘገበው።
"ተቀባይ?" አልሁት፣ "ምን ተቀብዬ?
እንግዳ ነው እንጂ። ሩዙንማ
ካርድ ያላቸው ናቸው የሚቀበሉት።"
ሣቀ። መሣቁን ግን አልጻፈውም።

በኋላ ለእኔም ቤት ሲሊንደር ደረሰ፤
እውነት ለመናገር፣ ዓይኔ ከጢስ ተፈወሰ።
ጋዝ አለኝ። ድስት የለኝም።
ውኃ ቀጂ መሐል አፌን አልያዝሁትም፤
"ድስት የበላች ሴት" አልሁ፤ ስሟን አልጠራሁም።
ወሬ እግር አለው፣ ሽቦውን ይዘላል፤
ጆሮዋ ሳይደርስ አይቀርም።

ዘንድሮ ራሽን ተቆረጠ ሲሉ ገበያ ሰማሁ።
ደስ አለኝ? ትንሽ።
ከዚያ አፈርሁ።
ያን ምሽት እራቴ ጉሮሮዬ ላይ ቆመ።

በክረምቱ መሐል ጃንጥላዬን ይዤ
ካምፑን ሽቅብ ወጣሁ፣ በጭቃ ተጉዤ፣
በአሸዋ ከረጢት ደረጃ፣ በቀርከሃ ድልድይ፣
ድስቴን ላስመልስ፣ ወይ ልሳደብ፣ ወይ...

አገኘኋት።
ያኔ በሆዷ የነበረችው ልጅ
ሰባት ሊሞላት ነው፤ ምላሷን አወጣችብኝ።
ድስቴ ከሸራው ቀዳዳ ሥር ተቀምጦ
ጠብ... ጠብ... ይላል።

"ባዶ ዕቃ ለሰው ቤት አይመለስም" አለች።
"ወንድሜ ይሙት ብዬ እንዳልምልልሽ፣ ሞቷል።
በየወሩ አስባለሁ፣ ሩዝ ልሞላበት፣
በየወሩ ያንሳል፣ ልጅ ይቀድምበት።
ምን ይዤ ልምጣ?"

የማውቀው ስድብ ሁሉ በአንድ ጊዜ ከዳኝ።
ተቀመጥን ሁለታችን ከአንድ ምንጣፍ ዳር፤
ዝናቡ አይቸኩልም፣ ድስቱን ሲሞላ ነበር።
አየነው። አልተነጋገርንም።
ከአፉ ሲደርስ ተነሣች፣ በሁለት እጇ አቅፋ፣
"ይኸው፤ ሙሉ ነው።"

ግማሹ መንገድ ላይ ፈሰሰ፤ ቁልቁለት ነው፣
ጭቃ ነው፣ ያለችውም አንድ ጆሮ ናት።
ድልድዩ ጋ ስደርስ ትዝ አለኝ፤ ዞሬ ጮኽሁ፦
"ክዳኑስ?"

ከላይ መለሰች፣ ዝናቡ ድምፅዋን እየበላ፦
"ጎረቤት ዘንድ ነው! ኮረብታው የተናደ ዕለት
አፈር ዝቀን ልጃቸውን ያወጣንበት፤
ዕቃቸው ሁሉ ከጭቃው ሥር ቀርቶ
ዛሬ ሰሐናቸው ነው።
ባዶውን አንመልስም ይላሉ!"