ኮፈኗ አልዘጋ አለ

ግሽ ዓባይ ነው ሰፈሩ፣ ከቶርኖ ቤት ማዶ፣
መሬቱ ዘይት ጠጥቶ የጠቆረበት፣
በረገጡት ቁጥር የማይጠፋው ዳዶ።
መካኒኩ እንየው ይባላል።
«እንየው» ይላል ደግሞ ኮፈን ሲከፍቱለት፤
በገዛ ስሙ ነው ሥራ የሚጀምረው፣
እንደ በስመ አብ ቆጥሮት።

መኪናዋ ፊያት ናት፣ ባለ ሁለት በር፣
አጎቴ ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ሒሳብ ክፍል
ጡረታ ሲወጣ
ከልጆቹ አስበልጦ የሚያወራላት ነበር።
ከሞተ አሥራ ሁለት ዓመቱ።
ዘንድሮ ሸራውን ገልጬ፣ ዶሮዋን አስነስቼ፣
ቤዛዊትን ሽቅብ ብነዳት
መሀል መንገድ ላይ ትንፋሽ አጠራት።

የወንድሜ ልጅ ከቱሪን ይዞልኝ መጣ፣
በካልሲና በፎጣ መሀል ጠቅልሎ፣
አራት አፍ ያለው የአሉሚኒየም ማኒፎልድ
ሁለት ካርቡራተር አዝሎ።
ቦሌ ላይ ፈታሹ አገላብጦ
«ምንድን ነው ይኼ?» ሲለው፣
ልጁ ያማርኛ ቃል አጥሮት
«ሳንባ» አለው።
ሰውየው ሳቀና
የሳንባ ቀረጥ የለም ብሎ አሳለፈው።

አሮጌውን ፈታነው። ጣቴን ከተትኩበት።
አጎቴ ሬዲዮ ከፍቶ ደጀንን ሲወጣ
ያኔ የሳበችው የዓባይ በረሃ አቧራ
ጥፍሬ ስር ገባ፤
ባጥበው ባጥበው እስከ ማግስቱ አልጠራ።

አዲሱ ደግሞ አልገጥም አለ።
ስድስት ቡሎን ገባ፣ ሁለቱ እምቢ አለ።
ሁለት ጤፍ ነው ልዩነቱ፣ ጎን ለጎን ቢተኛ፤
ብረት ግን ጉቦ የማይበላ ዳኛ።
መዶሻ ሳነሳ እንየው እጄን ያዘ፤
«በመዶሻ የገባ በብየዳ ነው የሚወጣ።»
ክብ ሞረድ አመጣ፣
ከጠዋት እስከ ስድስት ሰዓት እንደ ዳዊት ደጋሚ
ወገቡን እየወዘወዘ ፋቀ፣ ለካ፣ ፋቀ፣
ክንዱ በብናኝ እስኪነጣ።

ጋስኬቱን ማስተዋል ሠራች፣ የእህቱ ልጅ፣
ወረቀቱን አፎቹ ላይ ዘርግታ፣
ጠርዝ ጠርዙን በመዶሻ ጫፍ ኳ ኳ፣
እንቁላል የምትልጥ ይመስል፣ በዝግታ።

ማታ አስነሳናት።
ሳል አይሉት ዘፈን፣ ከሆዷ ቀጭን ፉጨት።
የእንየው አንዱ ጆሮ ካለፈ ቆይቷል፤
ባንዱ አልቻለም ምንጩን ማግኘት።
«ማስተዋል ነው የጎደለን» አለ ተክዞ።
«እዚሁ ነኝ» አለችው ከጀርባው፣
ቱቦ ጆሮዋ ላይ ደግና፣
የሳሙና ውሃ ሦስተኛው አፍ ስር
ጠብ ስታደርግ ሞተሩ ጠጣው።
ፉጨቱ ለአፍታ ዝም።
አንድ ዳዶ ኖሯል፣ ሩብ ዙር የቀረው።

ጭሷ ግን ጠቆረ፣ ቤንዚን ቤንዚን አለች።
«ይኼ ሳንባ» አለ እንየው
«ለባሕር ዳርቻ አየር ነው የተሰፋው፤
እኛም ባሕር ዳር ነን፣ በስም፣
ሺህ ስምንት መቶ ሜትር ከፍ ብለን!
በትንሽ በትንሹ እናጉርሳት፣
አየሩ ነው የሳሳው።»
ጅግለሩን በጠባብ ለወጠ፣ አዳመጠ፣
ደግሞ ለወጠ።

በሦስተኛው ቀን ኮፈኑን ለቀቅነው። አልተዘጋም።
ሁለት ጣት ቀረው፤ አዲሱ ሳንባ ቁመት አለው።
«እንብሳው?» አለኝ።
አጎቴ ትዝ አለኝ፣ እሁድ እሁድ በፍላኔላ ሲወለውላት፤
«አይሆንም» አልኩት።
በሲባጎ አሰርናት።

ከዘንባባዎቹ ስር፣
ከዘጌ እንጨት የጫኑ ታንኳዎች እያየሁ፣
ድልድዩን ተሻግሬ
ቤዛዊትን በሦስተኛ ማርሽ ወጣሁ።
አልቀየርኩም። እሷም አልለመነችኝም።

ጫፍ ስደርስ ዝናብ ጣለ፣
ኮፈኗ እንደ ተኛ ሰው አፍ ገርበብ እንዳለ።
ወርጄ ጃንጥላ ዘረጋሁ፣ ለእሷ፤
እኔ በሰበስኩ።
አንድ ባጃጅ ቆመ፣ ልጁ አንገቱን አወጣ፤
«ተበላሸችብህ?»
«ኧረ» አልኩት፣ «ተሠርታ ነው።»