ጥሬ

ፒያሳ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ በሁለተኛው ፎቅ፣
ስድስት ሰው ተሰብስቧል፣ የአንድ ልጅ እግር ሊጠይቅ።
እኔ ቃለ ጉባኤ ያዥ ነኝ፤ እጅ አላወጣም፤
የተባለውን እጽፋለሁ፣ ያልተባለው ግን ከጆሮዬ አይወጣም።

አጀንዳ አንድ፦ ቢያድግልኝ።
ዕድሜ አሥራ ዘጠኝ፣
የማራኪ ግቢ ተማሪ፣ ሁለተኛ ዓመት፣ ቅየሳ።
አሰልጣኝ ዘመነ ተነሳ፤
"ኳስ ሲሰጥ አይታችኋል?
ከዚህ ጥግ እስከ ወዲያኛው፣ ሰው ሳይነካት፣
እንደ ገመድ ዘርግቶ፣ እንደ ቀያሽ ለክቶ፣
የሚሮጥ ሰው ጫማ ላይ ነው የሚያሳርፋት።"

"አይተናል" አሉ ሻምበል ደሴ። "በዚያው ጨዋታ ደግሞ
አራት ኳስ ለባላጋራ እንደ ጸበል ጻዲቅ ሲያድል አይተናል።
ተከላካይ ጀርባው ላይ ቆሞ ይተነፍሳል፣
እሱ ሰማይ ይቃኛል።
ጥሬ ነው። ጥሬ!"

ጥሬ።
ጻፍሁት፤ ከጻፍሁት በኋላ ግን ዓይኔ አልለቀቀው።
እኛ ነን እንግዲህ ጥሬ የምንፈራ?
ለፋሲካ ንጋት አራዳ ስጋ ቤት ደጅ የምንጋፋ፣
ትኩስ ነው፣ ገና ይንቀጠቀጣል ብለን ጉርሻ የምንገፋ፣
ልጅ ሲሆን ነው ጥሬ የሚያስከፋ?

ወይዘሮ አንጓች፣ ሒሳብ ያዧ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፤
"ጥሬ ልጅስ ይሁን፤ ጥሬ ገንዘቡ የት አለ?" ብለው ጠየቁ።
"የአምናው የአውቶቡስ ዕዳ ገና አልተከፈለ፣
ማሊያ በዱቤ የሰጠን ሰውዬ ደጄ ላይ ነው የዋለ።
በዚህ ብር የበሰለ ሰው ይገኛል፤
ሠላሳ የሞላው፣ የት እንደሚቆም የሚያውቅ።"
"ከበሰለ ወዲያማ" አለ ዘመነ፣ "ያለው ማረር ነው፤ ወይ መድረቅ።"

ታከለ፣ አምበላችን፣ ጥግ ላይ ነበር፤ ጉልበቱን በበረዶ አስሮ።
ልጁ ቢመጣ ቦታ የሚለቅለት እሱ ነው፤
ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አላነሳው።
"እኔ ምን እላለሁ" አለ። ትንሽ ቆየና፣
"ስሙ ራሱ እኮ ልመና ነው።
እናቱ ስንቱን ቀብራ ይሆን እንዲህ ያለችው።
ቢያድግልኝ።
እሷስ አይታ ነው የፈረመች?"

ከታች ባጃጅ ጮኸ። የተናገረ የለም።

እኔም ያልጻፍሁት አለኝ።
በሰማንያ ሁለት፣ አዘዞ ሜዳ፣ ጥሬ ተብያለሁ።
"ይቆይ፣ ይብሰል" አለ ያን ጊዜ የነበረው ኮሚቴ፤
ቆየሁ።
ያልተጣደ እንደማይበስል የነገራቸው አልነበረም።
ጓደኛዬን ግን ወሰዱት፤
በሦስተኛው ጨዋታ ጉልበቱ ሄደ፣
ዛሬ ሳሙና በር ጎማ ይነፋል።
በዚያ ሳልፍ፣ ከሁለታችን የቱ እንደተጎዳ እጠይቃለሁ፤
ሲያየኝ ፈገግ ይላል፤
እሱም የሚጠይቅ ይመስለኛል።

ድምፅ ተሰጠ፤ ሦስት ለሦስት።
(የአቶ ካሳው እጅ ከእንቅልፋቸው ሲባንኑ የወጣ ነው፤
ለየትኛው ወገን እንደሆነ አልተጣራም።)
ሊቀመንበሩ አቶ መኳንንት ጣሪያውን አዩ።
ይኼኔ ነው አንድ ሰው፣ "ልጁንስ ጠይቀነዋል?" ያለ።

አልጠየቅነውም።

ስልኩ ጠረጴዛው መሃል ተቀመጠ፤ ጠራ፤ ጠራ።
"አቤት።" ከጀርባው የሰሃን ኳኳታ፤
የእራት ሰልፍ ላይ መሆን አለበት።
አቶ መኳንንት ጉሮሯቸውን ጠርገው
የክለቡን ታሪክ ከምሥረታው ጀመሩ፤
ስለ አደራ፣ ስለ ማሊያው ቀለም፣ ስለ ደጋፊው ብዙ ተናገሩ።
ልጁ እስኪጨርሱ ሰማ። ከዚያ፣
"ማክሰኞ ፈተና አለኝ፤
ረቡዕ ብመጣ ይሻላል?"

ዘመነ ሳቀ። ሻምበልም፣ ሳይወዱ።
መብራት ጠፋ።
በስልክ ብርሃን ወደ ወረቀቱ አጎነበስሁ፤
"ውሳኔ" ከሚለው ሥር ቦታው ሰፊ ነው፣
ስድስት ሰው የተናገረው ሁሉ ይበቃው ነበር።
የማክሰኞው ፈተና የሱ ነው፤
የቀረው የኛ።
አንዲት ቃል አሰፈርሁ፦
ረቡዕ።