ሦስት ቀዳዳ

በድሮው ባቡር ግቢ፣ ዝገት በሚቆጠርበት፣
ሌሊት ሌሊት እጠብቃለሁ፣ ሌባ እንኳ የረሳውን ቤት።
ባልደረባዬ ውሻ ነው፤ ፉርጎ ብዬ የጠራሁት፣
ከቆመ ፉርጎ ሥር ነው፣ ዓይኑን ሳይገልጥ ያገኘሁት።

ሰኞ ቀትር ላይ ግን፣ ጫቷ እንዳይጠወልግ የምትከንፍ ባጃጅ፣
ሆዱን ድም አድርጋው አለፈች፤ ሳልጮህ፣ ሳልዘረጋ እጅ።
ሹፌሩ አልሸሸም፤ አፈንዲ ይባላል፣ የገንደ ቆሬ ልጅ።
በሸሚዙ ጠቅልሎ አቀፈው። «ግባ አቦ፣ ጋሼ፣ ምን ትቆማለህ!»
ከደቻቱ አፋፍ፣ ከክሊኒኩ ደጅ አወረደን።

የውሻ ምራቅ ነክቶታልና፣ ከጀሪካን ውሃ ቀድቶ፣
ክንዱን ሰባት ጊዜ አጠበ፣ አንዱን በአፈር አሽቶ፤
ከዚያ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ፣ ጫቱን ፀሐይ ላይ ረስቶ።

ዶክተር ነጂባ ዳሰሰችው። «ፊኛው ፈንድቷል» አለች።
እኔ ቢላ ጠበቅኩ፤ እሷ እስክሪብቶ የሚያህል ቱቦ አነሳች።

እኔን የተከፈተ ሆድ አይነግሩኝም። ጣፊያዬ በፈነዳ ጊዜ፣
ከደረት እስከ እምብርት ተርትረውኝ፣ ሁለት ወር አልጋ ይዤ፤
ጠባሳው ዛሬም ሆዴ ላይ ሐዲድ ነው፣ ከነአግዳሚው፣
ባቡር የማያልፍበት፣ ደመና ሲያይ የሚጠዘጥዘው።

ለፉርጎ ሦስት ቀዳዳ። አንዱ ለዓይን፣ ሁለቱ ለጣት።
ባቄላ የማያሾልክ በር፤ ያስገባል ግን መብራት።
ግድግዳው ላይ ቴሌቪዥን በራ፣ ኳስ የማይበት ዓይነት፤
ጉበቱ ታየ፣ ዝናብ የመታው ጡብ መስሎ፣
አንጀቱ ታየ፣ በራሱ ሐሳብ ቀስ እያለ ተንከባሎ።
ለካ በዚያ አቧራማ ገላ ውስጥ ሰፈር አለ፣
መንገዱ ሁሉ የራሰ፣ ድሬ ላይ አይቼው የማላውቀው።
አፈርኩ። የጓደኛን ውስጥ ማየት ነውር መሰለኝ፤
ዓይኔን ወደ ጣራው ሰቀልኩ፤ ጉጉት ጎትቶ መለሰኝ።

እጇ ከውሻው ጋ ነው፣ ዓይኗ ከግድግዳው ማዶ፤
ክሩ በሩቅ አገር ይቋጠራል፣ እሷ ያልሄደችበት ሄዶ።

መሀል ላይ መብራት ጠፋ።
ማንም አልተነፈሰም፤ ፉርጎ ብቻ።
ጄኔሬተሩ አስሎ እስኪነሣ ቆጠርኩ፤ ዐሥራ ዘጠኝ።

ሲያልቅ ሦስት ቋጠሮ አየሁ፣ ሦስት ጉንዳን የሚያክሉ።
«ይኸው ነው?» «ይኸው ነው።»
«ያኔ ለእኔስ?» ልል ነበር፤ ምን ታውቃለች ብዬ ቀረሁ፤
ሐዲዴን በሸሚዜ ላይ፣ እንደ ልማዴ አሻሸሁ።
በውሻ ይቀናል እንዴ? ቀናሁ። ደስም አለኝ።
የቱ እንደቀደመ አላውቅም።

በአራተኛው ቀን፣ ፀሐይ ሳትከር፣ ከጆንያው ተነሣ፤
እየተንገዳገደ ሄደ፣ ከቆመው ፉርጎ ጎማ ሥር እግሩን አነሣ።
አቤት ሽንት! ረጅም፣ ጥርት ያለ፣ ዝገቱን እያጠበ።
አፈንዲ ከአጥሩ ማዶ ሞተሩን አጥፍቶ፣
«ወላሂ ሸና!» አለ፣ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው።

እኔ ወደ ዘብ ቤቴ ገባሁ፤ የተረኛ መዝገቤን ገልጬ፣
ዓይኔን በእጅጌ ጠርጌ፣
«የጎደለ የለም» ብዬ ጻፍኩ።