ሳልተረጉም የቀረሁት

«ስሜ ፔንቲ ነው» አለ፣ ቆቡን ከራሱ አውልቆ፣
ሌሊቱን ያጠናትን አንዲት ዐረፍተ ነገር ጠብቆ፤
የቀበሌው ጸሐፊ ብዕሩን አስቀመጠ፣
የዕድሩን ዳኛ ሳል ያዘው፣ ወደ ውጭ አመለጠ።
«ስሙ ነው፣ የአያቱ ስም» ብዬ ባስረዳ፣ ባስረዳ፣
ማን ሰምቶኝ! በማግሥቱ ከአንገረብ እስከ አራዳ
«ስሙም ጴንጤ፣ ግብሩም ጴንጤ» ገባ ከየጓዳ።

ሚስቱ አይላ ናት። ልጆቹ ስሙ አጠረባቸውና
«ች» መረቁላት፤ አየለች ሆነች፤ እሷም ለመደችውና
ከፊንላንድ ሲደወል እንኳ «አየለች ነኝ» ትል ነበር።

እኔ አስተርጓሚ ነኝ፤ በወር ሁለት ሺህ ብር፣
የሰው ቃል የምጫን በቅሎ፣ ከአገር ወደ አገር።
ሃያ ሦስት ልጅ፣ ሁለት ሽበታም ፈረንጅ፣
ውሃ በሳምንት አንዴ፣ የማይገጥም የቆርቆሮ ደጅ።
ፔንቲ ቀን ጣሪያ ይደፍናል፤ ሲመሽ አኮርዲዮኑን ይዞ
ይዘምራል፣ ቅኝቱ እንደ ጣሪያው ተበሳስቶ፣ ወይቦ።

በሁዳዴ አየለች ለልጆቹ ወተት ስታፈላ
ዘርትሁን፣ ወጥ ቤቷ፣ ድስቱን ደበቀችው ከማገዶው ኋላ።
«ሕፃናት ናቸው!» ትላለች ይቺ። «ሰባት ዓመት የሞላቸው!» ያቺ።
«ምን አለች?» «ወተቱ ተበላሽቷል» አልኩ፤
ለዘርትሁንም ሌላ ነገር፤ በሁለት ውሸት አስታረቅኩ።

ጎረቤት ደግሞ በአጥር ብቅ ብላ፦
«መካን ብትሆን ነው እንጂ ማን ያጥባል የባዕድ ልጅ ገላ!»
አየለች ፈገግ አለችና «ምን አለች?» ብላ ጠየቀች፤
«እጅሽ ይባረክ» አልኩ። እጇን ቀሚሷ ላይ አደረቀች።
ከዓመት በኋላ ነው፣ ፔንቲ መዶሻውን አስቀምጦ ሲነግረኝ፣
አንድ ወልደው ቀብረው ኖሯል። «ነፍስ ይማር» ማለት ቸገረኝ፤
በነሱ ቋንቋ ምን እንደሚባል፣ እንደሚባልም፣ አላውቅም።

«ማተብ ይበጥሳሉ» ይባላል፤ በለቅሶ ቤት፣ በጠላ ቤት፣ በወፍጮ።
አንድ ቅዳሜ ማታ፣ መብራት ጠፍቶ፣
ልጁ ሁሉ ለገላ ተራ ሲጠብቅ፣
የደርሶልኝ ማተብ በሳሙናው እጇ ላይ ተበጠሰ።
እናቱ ያሰረችለት ነው፤ ሌላ የሷ የሆነ የለውም።
ጩኸቱ ቆርቆሮውን ነካ።
ዘርትሁን ጭልፋዋን እንደያዘች በሩ ላይ ቆመች።
ሁሉም የአየለችን እጅ አየ።
እሷም አየችው።

ከዚያ በሻማ የመርፌ ሳጥኗን ፈለገች፣
ጥቁር ክር ጉልበቷ ላይ አከረረች፣
አንዴ ፈታች፣ እንደገና አከረረች።
«ስንት ቋጠሮ ነው?» አለች።
ያን ቀን ሳልጨምር ሳልቀንስ ያደረስኩት ይህን ብቻ ነው።
ዘርትሁን ጭልፋዋን አስቀመጠች።
«አምጪው፤ ጫፉን ያዥልኝ።»
ይህን አልተረጎምኩም። አየለች ጫፉን ይዛ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ሰላም ሆነ አልልም፤ በማግሥቱም ድንጋይ ደጁ ላይ ወደቀ፣
በሚቀጥለውም ሁዳዴ ወተቱ ተደበቀ።

አራት ዓመት። ፈቃዱ አልታደሰም። ልጆቹ ለየአክስቱ፣ ለየአጎቱ፣
የቀሩት ስድስት አዘዞ፣ ወደ ሌላ ቤት።
አየር ማረፊያው በር ላይ ፔንቲ ረጅም ነገር ተናገረ፤
አርጅተናል አለ፣ ጉልበቷም አይችልም አለ፣ ይህ የመጨረሻችን ነው አለ።
ስድስት ጥንድ ዓይን ወደኔ ዞረ።
«ይመለሳሉ» ብዬ መለስኩት፣ የፔንቲን ቃል ወደ አማርኛ፤
ከሳሽ የለኝም፤ እኔው ምስክር፣ እኔው ዳኛ።

ትናንት ከፒያሳ ወደ ማራኪ ባጃጅ ያዝኩ።
ሹፌሩ በመስታወቱ አየኝ፤ አንገቱ ላይ ያቺ ክር፣
ጥቁርነቷ ለቆ አመድማ።
«ጋሼ፣ ሰዎቹ መቼ ነው የሚመለሱት?»
«እንጃ፣ ደርሶ» አልኩ። «እንጃ።»
ስወርድ ብር ዘረጋሁለት።
እጄን መለሰው።