የድሆች ጣባ

ሜይቦድ ላይ ሲጨልም፣ እቶኑ ሲበርድ፣
አያቴ ማህፓሬ ጣራ ላይ ለመሄድ
ክንዴን ትይዝና ደረጃ ትቆጥራለች፤
አሥራ ሁለተኛው ላይ ሁልጊዜ ታርፋለች።
ጣቷ ሰማያዊ፣ ቀለሙ የማይለቅ፤
በጣባ ሆድ ላይ ፀሐይን ስታስቅ
ሰባ ዓመት ኖራለች፤ ቅንድብ ያላት ፀሐይ፣
ዓይኗን የተኳለች፣ ሴት መሳይ ስትታይ።

«አየኸው?» ትለኛለች። «የድሆች ጣባ ነው፤
ሰባት ኮከብ ዞሮት፣ አፉ የተሸረፈው።
ለማኝ ጥሎት ሄዷል፤ ማን ያነሳለታል?
ከሰባቱ መሃል አልፈካ ይደምቅለታል።»

ስድስት ዓመቷ ነበር። ብርድ ነው፤ ሊነጋጋ
አባቷ ያዶላህ ጭቃ ሊረግጥ ሲተጋ
ቀሰቀሳት አሉ። ከጣባው ከንፈር ጋ
ማንም ሳይጠብቀው አንድ ኮከብ ነጋ።
«እይው፣ ልጄ» አላት፤ «ሳንቲም ጣለ ጌታ።»
ሳምንት አልሞላውም፤
ከሰመ በማታ።

እኔ ተምሬያለሁ፤ ሁለት ናቸው እላታለሁ፤
ቀይ ሽማግሌና ነጭ ድንክ፤ አስረዳታለሁ፦
ድንኩ ከሽማግሌው፣ ድምፅ ሳያሰማ፣
ሰማንያ ዓመት ያህል በጭልፋ እየቀማ
ያጠራቀመውን በአንድ ሌት ይበትናል።
«የሀብታም ልጅ ነዋ!» ትላለች፤ ይገባታል።

አምና ይመጣል አሉ፤ አምና ሳይመጣ አለፈ።
ዘንድሮም እንዲሁ። ዓይኗን ሞራ ጋረፈ፤
ጨረቃ እንኳ ለእሷ የተነከረ ጥጥ ናት።
«ፈካ ወይ?» ትላለች፣ ጣራ ላይ ስናድርባት።
ምን ልበል? አልፈካ ከላይ ፈክቶ ሳለ፣
የምትጠብቀው ግን አልፈካ አለ።

ሮማን ባበበበት፣ አየሩ ሲሞቅ፣
አሳዘነችኝና ዋሸሁ በጭንቅ፦
«መጣ አያቴ፣ መጣ! ይኸው በራ!» አልኳት።
እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ትንፋሽም አጠራት።
ቆይታ፣
«የት ጋ?» አለች።
«ጣባው ውስጥ ነዋ» አልኳት።

ክንዴን ለቀቀችው።
«ሲያማክ፣ አንተ ሞኝ!
ከከንፈሩ ውጭ ነው። አባቴ ሲያሳየኝ
እኔም እንዳንተው ውስጡን ነበር ያየሁት፤
አገጬን ይዞ አዞረኝ፣ ከዳር አገኘሁት።
የድሃ ሳንቲም መቼ
ጣባ ውስጥ ወድቆ ያውቃል?
ጠርዙን ነክቶ ይነጥራል፣
አፈር ላይ ይንከባለላል።»

ወረድን። እኔ አፍሬ ቃል አልወጣኝም።
አሥራ ሁለተኛው ላይ አረፈች፤ አልተቆጣችኝም።
በሰማያዊ ጣቷ ግድግዳውን ዳብሳ፣
«ነገም እንወጣለን» አለች፣ ድምፅዋን ቀንሳ፤
«ካልመጣ፣ አልመጣም በለኝ።
እኔ እንደሆን
መጠበቅ አይደክመኝ።»